እሜቴ ጅቢት

እንደምን አመሻችሁ! ዝናቡን ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጅብ ነው። ስለ አንበሳ ወይም ስለ ዋልያ ቢሆን ይሻለን ነበር የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔ ግን ባዮሎጂ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት እንደ ጅብ ያስገረመኝ እንስሳ የለም። እንደሱ ያላግባብ ስሙ የጠፋም የለም።

በራሴ ልጀምር። ያደግሁት ገጠር፣ አያቴ ዘንድ ነው። አያቴ አንዲት አህያ ነበረቻት። ውኃ የምታመላልሰው እሷ፣ እህል ወፍጮ ቤት የምታደርሰው እሷ፣ ጭራሮ የምትሸከመው እሷ። የቤቱ ጉልበት ነበረች። አንድ ዓመት፣ ሁዳዴ ጾም እኩሌታ ላይ፣ ሌሊት ውሾቹ አበዱ። ከዚያ ድንገት ዝም አሉ። የውሻ ዝምታ ከጩኸቱ ይልቅ እንደሚያስፈራ ያወቅሁት ያን ሌሊት ነው። ጠዋት ስንወጣ የበረቱ አጥር ተገንጥሏል። ሣሩ ላይ ደም አለ። ከአህያዋ የተረፈው ጥቂት ጸጉርና አንድ ሰኮና ነው። አጥንት እንኳ አልቀረም።

እኔ አለቀስኩ። አያቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ብዙ ቆየችና፣ «ምን ይደረግ ልጄ፣ ሁዳዴ ነው፤ እሱም አንጀቱ ታጥፏል» አለች። አልገባኝም። ጅብን ከጾም ጋር ምን አገናኘው? ጥያቄው ለብዙ ዓመት ሆዴ ውስጥ ቀረ። መልሱን ያገኘሁት ካደግሁ በኋላ ነው። እሱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

እኛ ጅብን የምናውቀው በጆሮ ነው። ሌሊት ሲጮህ እንሰማዋለን፣ ቀን እንተርትበታለን። ተረቶቹን እወዳቸዋለሁ። አንዳንዶቹን የተናገራቸው እንስሳውን ተቀምጦ ያየ ሰው ለመሆኑ አልጠራጠርም። ስለዚህ ዛሬ ተረቶቻችንን ይዘን ጅቡ ዘንድ እንሂድ። ያልነውንና ያለውን እናስተያይ።

«ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» እንላለን። እውነት ነው፣ ጅብን ከሩቅ ያየ ሰው የሚያነክስ ይመስለዋል። የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ ይረዝማሉ። ጀርባው ከትከሻው ወደ ጭራው ያዘቀዝቃል። ሲራመድ የታመመ ነው የሚመስለው። ነገር ግን ያ አካል ለረጅም ሩጫ የተሠራ ነው። ልቡ ከሰውነቱ ክብደት አንጻር ሲታይ ከአንበሳ ልብ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ሲሮጥ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። አንበሳ ጥቂት ሮጣ ካልያዘች ትንፋሿ ያጥርና ትተዋለች። ጅብ ግን ኪሎ ሜትሮችን ያሳድዳል። የሚያሳድደው እንስሳ እግሩ ሲዝል እሱ ገና ነው። ተረቱን ያወጣው ሰው ማነከሱንም መንከሱንም አይቷል። በመሀል ያለውን ሩጫ ብቻ ነው ያላየው።

ብዙ ሰው ጅብን የውሻ ዘመድ ያደርገዋል። አይደለም። በዝምድና የሚቀርበው ለድመትና ለጥርኝ ነው። የጅብ ቤተሰብ ዛሬ በዓለም ላይ አራት ዓይነት ብቻ ቀርቶታል። ከአራቱ ሦስቱ አገራችን ውስጥ አሉ። አንዱ ሌሊት የምንሰማው ነጠብጣባሙ ነው። ሁለተኛው ሽልምልሙ ጅብ ነው፣ ብቸኛና ዝምተኛ። ሦስተኛው ትንሽዬ ምስጥ በሊታ ነው። በአንድ ሌሊት እስከ 250 ሺህ ምስጥ በምላሱ ጠራርጎ ይበላል። ከጅብ ወገን ሆኖ ሥጋ የማያሳድድ አለ ብላችሁ ገምታችሁ ታውቃላችሁ? አራተኛው፣ ቡናማው፣ ኑሮው በደቡባዊ አፍሪካ ነው። ከዚህ በኋላ ጅብ ስል ነጠብጣባሙን ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» የሚለውን የማያውቅ የለም። አያ! ታላቅ ወንድም የሚጠራበት የአክብሮት ቃል ነው። በተረታችን ሁሉ ጅብ ወንድ ነው። ተንኮለኛ ወንድ፣ ሆዳም ወንድ፣ ሲታለል የሚኖር ወንድ። በጅብ ቤት ግን አያ የሚባል የለም። ያለችው እሜቴ ናት።

ጅቦች የሚኖሩት በመንጋ ነው። የሚታደን በሞላበት አገር አንድ መንጋ ከ80 በላይ ጅብ ሊኖረው ይችላል። ምግብ በጠፋበት ደግሞ ከአሥር ያንሳሉ። ብዙም ይሁኑ ጥቂት ሥርዓቱ ያው ነው። ከሁሉ በላይ አንዲት ሴት አለች። ከሥሯ ልጆቿ ናቸው። ቀጥሎ ሌላዋ እናት ከነልጆቿ፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ከሌላ መንጋ የመጡት ወንዶች መጨረሻ ላይ ናቸው። ሲበሉም መጨረሻ፣ ሲተኙም ዳር።

ደረጃው በጉልበት የሚገኝ አይምሰላችሁ። ይወረሳል። ግልገሏ በእናቷ ማዕረግ ልክ ታድጋለች፣ ቦታዋም ከእናቷ ቀጥሎ ነው። የበለጠ የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው፤ የመጨረሻዋ ልጅ ከታላላቅ እህቶቿ በላይ ትቀመጣለች። እናት በጠብ መሀል እየገባች ሁልጊዜ ትንሿን ስለምትደግፍ፣ ታላላቆቹ ከጊዜ በኋላ መንገድ መልቀቅ ይለምዳሉ። በየቤታችን የመጨረሻ ልጅ ምን እንደሚመስል የምታውቁ እናቶች ፈገግ ስትሉ አይቻለሁ።

ሴቷ ለምን በላይ ሆነች ለሚለው ብዙ ሰው ቶሎ የሚሰጠው መልስ ትልቅ ስለሆነች የሚል ነው። በክብደት ከወንዱ በመቶ አሥር ያህል ትበልጣለች፣ ልክ ነው። ነገር ግን በታንዛኒያ የንጎሮንጎሮ ጅቦች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ሌላ ነገር አሳየ። ሁለት ጅቦች ሲጋጠሙ ማን እንደሚያሸንፍ የሚወስነው በዙሪያው ስንት ደጋፊ አለው የሚለው ነው። ክብደት አይደለም፣ ወንድ ወይም ሴት መሆንም አይደለም። ዘመድ ያለው ያሸንፋል። ሴቶቹ ከተወለዱበት መንጋ ስለማይወጡ እናት፣ እህት፣ አክስት ከጎናቸው አለ። ወንዶቹ ሲጎለምሱ አገር ጥለው ይወጣሉ። ባዕድ መንጋ ውስጥ ዘመድ የለም። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የምንለውን አስታወሳችሁ? በማያውቁት አገር የገባ ወንድ ጅብ ቁርበት ቀርቶ ባዶ መሬት ላይም ደህና ቦታ አያገኝም። እዚያው የተወለደበት መንጋ ውስጥ የቀረ ወንድ ግን፣ ዘመዶቹ ከጎኑ ስላሉ፣ ሴቶችን ሲያስለቅቅ ይታያል።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ሐረር ሄድኩ። ከጀጎል ግንብ ውጭ ማታ ማታ ጅብ የሚያበሉ ሰዎች እንዳሉ ታውቃላችሁ። በግንቡ ላይ የጅብ መግቢያ ቀዳዳዎች አሉ፣ ሐረሪዎች «ወራባ ኑዱል» ይሏቸዋል። ወራባ ጅብ ማለት ነው። ጅቡ በነዚያ እየገባ በየጎዳናው የወደቀውን ጠርጎ ይወጣል። ከተማ ለጅብ በር ሲተውለት የት ታያላችሁ? በአሹራ ቀን ደግሞ በቅቤ የራሰ ገንፎ ያቀርቡላቸዋል። አበላላቸውን አይተው የዓመቱን ነገር ይገምታሉ።

የሚያበላው ሰው መሬት ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ቁርጥራጭ ሥጋ የሞላ ቅርጫት አለ። በየስማቸው ይጠራቸዋል። ና፣ ተቀመጥ አለኝና አጭር እንጨት ሰጠኝ። ጫፉ ላይ ሥጋ አንጠለጠለ። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፣ የእርጥብ ጸጉርና የቆየ ሥጋ ሽታ። ቀጥሎ ትንፋሹ ጆሮዬ ሥር ሞቀኝ። ከዚያ ጭንቅላቱን አየሁት። በጣም ሰፊ ነው። ጆሮዎቹ ክብ፣ ዓይኖቹ ጥቁር። ሥጋውን ሲወስድ ግን በቀስታ ነው የወሰደው። እንጨቱን አልነካውም።

ድንገት የተሰበሰቡት ጅቦች ገለል ገለል አሉ። አንድ ጆሮው የተቀደደ ትልቅ ጅብ መጣ። ሳይቸኩል መጥቶ መሀል ቆመ። «ይሄ ነው አለቃው?» አልኩት። ሰውዬው ሳቀ። «ሴት ናት እንጂ። ትልልቆቹ ሁሉ ሴቶች ናቸው» አለኝ። ወንዱስ አልኩት። በእጁ ወደ ጨለማው አሳየኝ። መብራቱ የሚያልቅበት ላይ አንድ ቀጭን ጅብ ይዞራል። ጠጋ ይላል፣ አንገቱን ይደፋል፣ ጭራውን ይቆልፋል፣ መልሶ ይሸሻል። ስንት ዓመት የፈራሁት አያ ጅቦ እሱ ነበር።

ሴትና ወንዱን መለየት ለምን ይከብዳል? እዚህ ላይ በግልጽ መናገር አለብኝ። ወላጆች ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ትምህርት ነው። የሴቷ ጅብ ቂንጥር ረዝሞ የወንዱን ብልት ይመስላል። እንደሌሎች አጥቢ እንስሳት ለብቻው ክፍት የሆነ የብልት በር የላትም። ከንፈሮቹ ተጋጥመው የዘር ፍሬ ከረጢት መስለዋል። የምትሸናው፣ ከወንድ የምትገናኘው፣ የምትወልደውም በዚያው በአንዱ ቱቦ ነው። ከአጥቢ እንስሳት ሁሉ በዚህ መንገድ የምትወልድ ሌላ የለችም።

ይህን ያዩ የጥንት ሰዎች ጅብ ወንድም ሴትም ነው ብለው አወሩ። አሪስቶትል ከ2,300 ዓመት በፊት ይህ ሐሰት ነው ብሎ ጽፏል። ሰሚ ግን አላገኘም። ወሬው ከዚያ በኋላ ብዙ መቶ ዓመት ኖሯል።

አሁን ይህ አካል ምን እንዳስከተለ አስቡት። ወንዱ ሴቷን ማስገደድ አይችልም። እሷ ካልፈቀደች፣ አካሏን ካላመቻቸችለት፣ አይሆንም። ስለዚህ መራጯ እሷ ናት። በንጎሮንጎሮ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ሌላ ጥናት ወጣት ሴቶች ማንን እንደሚመርጡ አሳይቷል። የሚመርጡት እነሱ ከተወለዱ በኋላ መንጋው ውስጥ የተወለደውን ወይም የገባውን ወንድ ነው። ሴቷ አባቷን አታውቀውም፣ አባት ልጅ በማሳደጉ ነገር ውስጥ የለም። ነገር ግን «እኔ ከመምጣቴ በፊት የነበረውን አልፈልግም» የሚል አንድ ደንብ አባቷን ከነአካቴው ያስቀርላታል። ወንዶቹም ተቀባይነት የሚያገኙበትን መንጋ ፍለጋ አገር ይለቃሉ።

ዋጋው ግን ከባድ ነው። ዋጋውን የምትከፍለው በመጀመሪያ ወሊዷ ነው። ግልገሉ የሚወጣበት መንገድ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ይታጠፋል። እትብቱ አጭር ነው። ግልገሉ ሳይወጣ እትብቱ ሊበጠስ ይችላል፣ ያኔ ይታፈናል። የመጀመሪያ ልጆች ብዙዎቹ የሚሞቱት እንዲህ ነው። ቱቦው ይቀደዳል፣ አንዳንዷ እናትም ትሞታለች። የዳነችው ጠባሳው ይቀርላታል፣ ከዚያ በኋላ መውለድ ይቀልላታል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር በኛ በገጠሩ በመጀመሪያ ምጥ የሚያልፉ እህቶቼ ትዝ ይሉኛል። ትምህርት ነው ብዬ ብቻ ላልፈው አልችልም።

ይህ አካል ከየት መጣ? በአሜሪካ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ስቲቨን ግሊክማንና ሎረንስ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ጅቦችን እያሳደጉ አጠኑ። ሥራው ሠላሳ ዓመት ገደማ ዘለቀ። የእናቲቱ የእንግዴ ልጅ ሌሎችን ሆርሞኖች ወደ ቴስቶስትሮን፣ ማለትም ወደ ወንዴው ሆርሞን፣ እየለወጠ ለጽንሱ እንደሚያደርስ አገኙ። ተፈታ ተባለ። ነገር ግን እርጉዟን የዚህን ሆርሞን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ሲሰጧት ቅርጹ ቢለወጥም ያ ረዥም ቱቦ አልቀረም። ስለዚህ ሆርሞን ብቻውን ሙሉ መልስ ሊሆን አልቻለም። ለተማሪዎቼ ይህን ሁልጊዜ የምነግራቸው ሳይንስ እንዲህ ተፈታ ያሉትን መልሶ ስለሚፈትን ነው።

የሚወለዱት ግልገሎች ብዙ ጊዜ ሁለት ናቸው። እርግዝናው 110 ቀን ነው። የድመት ልጅ ዓይኗ ተጨፍኖ ነው የምትወለደው፣ የጅብ ልጅ ግን ዓይኗን ገልጣ፣ ጥርስ አብቅላ ትመጣለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መንታዎቹ መነካከስ ይጀምራሉ። እናት የምታጠባው ከዓመት በላይ ነው። ወተቷ በፕሮቲንና በስብ የከበረ ነው፣ የሌላዋን ልጅ ግን አታጠባም። በታንዛኒያው የሴሬንጌቲ ሜዳ የሚታደኑት እንስሳት ርቀው ሲሄዱ እናቶች 40 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ተጉዘው፣ በልተው፣ ጡታቸው ሞልቶ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳሉ። ልጆቹ ቀናት ሙሉ ይጠብቃሉ። እናትየው ካልተመለሰች ወተት የለም።

ስለ ሌብነቱ ላንሳ። ጅብ ሲባል ጥንብ በሊታ፣ የአንበሳ ትራፊ ለቃሚ ነው ተብሎ ተደምድሟል። ሃንስ ክሩክ የሚባል ሆላንዳዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ታንዛኒያ ውስጥ ሌሊት በጨረቃ ብርሃን ተከተላቸው። ቀን የምናየው ምንድን ነው? አንበሳ እየበላ፣ ጅቦች ዙሪያውን ቆመው ሲጠብቁ። ሌሊት ግን ታሪኩ ሌላ ነበር። የገደሉት ጅቦቹ ናቸው። አንበሳው ጩኸታቸውን ሰምቶ መጥቶ ቀማቸው። በንጎሮንጎሮ ጅቦች የሚበሉትን አብዛኛውን ራሳቸው ነው የሚያድኑት። ጠዋት የደረሰ ሰው ባለቤቱን ሌባ፣ ሌባውን ባለቤት አድርጎ ፎቶ አነሳ። ሁልጊዜ ግን አይሸነፉም። ብዙ ሆነው ሲመጡና ጎፈራም አንበሳ በአካባቢው ከሌለ፣ ሴቶቹን አንበሶች ያስለቅቋቸዋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያለው ሰው ይህን አይቶ ይሆን እንዴ እላለሁ አንዳንዴ።

ሳቁስ? ጅብ ሳቀ የምንለው ድምፅ የደስታ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚያሰማው ሲዋከብ፣ ሲባረር፣ ምግብ ሲከለከል ነው። ድምፁን የቀረጹ ሰዎች ከቅጥነቱና ከውፍረቱ ዕድሜውን፣ ከአለዋወጡም የበላይ ይሁን የበታች መለየት እንደሚቻል አግኝተዋል። ረጅሙ ጩኸት ደግሞ ሌላ ነው፤ ያ ዝቅ ብሎ ጀምሮ ሽቅብ የሚወጣው። እሱ እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይሰማል። እዚህ ነኝ፣ እገሌ ነኝ ማለት ነው።

ኬይ ሆልካምፕ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ኬንያ፣ ማሳይ ማራ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ጅቦችን ትከታተላለች። እያንዳንዱን በነጠብጣቡ ትለየዋለች። ከሷ ጋር የሠሩ ሰዎች የማይታወቁ ጅቦችን ድምፅ በማጉያ አሰሟቸው። አንዴ የአንድ፣ አንዴ የሁለት፣ አንዴ የሦስት ጅብ። የሰሙት ጅቦች በቁጥሩ ልክ የተለያየ ባህርይ አሳዩ። እንግዳው ሲበዛ ጥንቃቄያቸው ጨመረ፣ የራሳቸው ወገን ሲበዛ ደግሞ ወደ ድምፁ ለመቅረብ ደፈሩ። ይቆጥራሉ ማለት ነው። ሌላ ጊዜ ሥጋ ያለበት የተቀረቀረ የብረት ሣጥን ሰጧቸው። 62 ጅቦች ሞከሩ፣ ዘጠኙ ከፈቱት። የከፈቱት ብዙ ዓይነት ዘዴ የሞከሩት ናቸው። መንከስ፣ መገልበጥ፣ መጎተት፣ በእግር መግፋት፤ አንዱ ሲያቅት ሌላ። በአንድ ዘዴ የደረቁት አልተሳካላቸውም።

አሁን ወደኛ አገር ልመለስ። ልጆች ሆነን ሜዳ ላይ ነጭ፣ ደረቅ፣ እንደ ጠመኔ የሚፈረፈር ነገር እናገኝ ነበር። የጅብ ዓይነ ምድር ነው። የነጣው ከአጥንት በመጣ ካልሲየም ነው። የጅብ መንጋጋ የወፍራም እንስሳ ጭን አጥንት ይሰብራል፣ ጨጓራው ያሟሟዋል። የማይሟሟው ጸጉርና ሰኮና ነው፣ እሱን ኋላ ይተፋዋል። የአያቴ አህያ አጥንት የት እንደገባ ይህን ስማር ገባኝ።

ያ ጨጓራ ለኛ ምን እንደሚሠራ አስባችሁ ታውቃላችሁ? በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት ሥጋ ሰው ይገድላል። ጅብ ግን በልቶት ይኖራል። መቀሌ ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት የከተማዋ ዙሪያ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የሚሆን የእንስሳት ጥንብና ትራፊ እንደሚያስወግዱ ገምቷል። በዚህም አባ ሰንጋና የከብት ቲቢ በሰውና በከብት ላይ እንዳይዛመት ይረዳሉ። ደሞዝ ሳይቀበሉ፣ ሌሊት ወጥተው፣ ሳይነጋ የሚገቡ ጠራጊዎች ናቸው።

አደገኛ አይደለም እያልኩ አይደለም። ጅብ ሰው ይበላል። ውጭ ያደረን፣ ሕፃንን፣ ታማሚን ያጠቃል። በዚህ የተጎዳ ቤተሰብ ፊት ቆሜ ጅብን ላወድስ አልደፍርም። ሌሊት በእግር አትሂዱ፣ ልጅ ውጭ አታሳድሩ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አልወርድም። በአገራችን ጅብን ከቡዳ ጋር አያይዘን ሰው ጎድተናል። ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቤተ እስራኤሎችን ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ብለን አወራን። ማረሻ የሚሠራልንን፣ ድስት የምትሠራልንን ሰው ዓይኑን ፈርተን ራቅነው። ልጁን አልዳርም አልን። ዛሬ እስራኤል አገር ያሉ ቤተ እስራኤል ሽማግሌዎች ይህን ስም ያስታውሱታል። ጅቡ እንዲህ ያለ ክስ ውስጥ መግባቱን አያውቅም። ሰዎቹ ግን በዚያ ክስ ሥር ኖረዋል። ይህ ያሳፍረኛል፤ ተረት ብለን ልናልፈው አይገባም እላለሁ።

አሁን የአያቴ ነገር። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በትግራይ የጅብን ዓይነ ምድር እየሰበሰቡ በውስጡ ያለውን ጸጉር መረመሩ። ያልተፈጨው ጸጉር ምን እንደተበላ ይናገራል። የሰበሰቡት በሦስት ጊዜ ነው። ከሁዳዴ በፊት፣ በሁዳዴ፣ ከሁዳዴ በኋላ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታተመ። ከጾሙ በፊት የአህያ ጸጉር በመቶ 15 ገደማ ነበር። በጾሙ ጊዜ በመቶ 33 ደረሰ። ጾሙ ከተፈታ በኋላ ወደ 22 ወረደ።

ነገሩ ግልጽ ነው። ዱር አራዊቱ ባለቀበት አገር ጅቡ የሚኖረው በኛ ትራፊ ነው። ክርስቲያኑ 55 ቀን ሥጋ ሲተው የሚታረድ ይጠፋል፣ አጥንት የሚጥል የለም። ያን ጊዜ ጅቡ ወደ አደን ይመለሳል። በየበረቱ ያለች አህያ ደግሞ ቀንድ የላት፣ የሚጠብቃት የላት። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። መጽሔት አላነበበችም። የጅብ አንጀት በሁዳዴ እንደሚታጠፍ ግን ታውቅ ነበር። ጥናቱን ያነበብኩት ማታ ነው። እንደጨረስኩ ልደውልላት አሰብኩ፣ ከዚያ ከሞተች ስንት ዓመቷ እንደሆነ አስታወስኩ።

ባለፈው ፋሲካ እዚያው ቤት ነበርኩ። በግ ታርዶ፣ ዶሮው ተበልቶ፣ ሰው ሁሉ ተኝቷል። የአጎቴ ልጅ አጥንቱን በዘንቢል ይዞ ከአጥሩ ውጭ ራቅ አድርጎ ሲደፋ አየሁት። ለምን አልኩት። «እማማ እንዲህ ታደርግ ነበር፣ ከብቶቹን እንዲተውልን» አለኝ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ከአህያዋ በኋላ የጀመረችው ይሆናል።

መብራቱን አጥፍቼ በር ላይ ቆምኩ። ብዙም ሳይቆይ ጩኸቱ መጣ፣ ያ ዝቅ ብሎ ጀምሮ ሽቅብ የሚወጣው። አንዱ ከወንዙ በኩል ነው። ሌላው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ መለሰለት። ቆይቶ ሦስተኛ፣ ቀጠን ያለ፣ የልጅ ድምፅ የመሰለ፣ ከመጀመሪያው አጠገብ ተሰማ። ውሾቹ ዝም አሉ። ከዚያ አጥንት ሲሰበር ሰማሁ።